የቁልቁለት ውሃና የዳገት ውሃ

በእግር ጉዞ ቡድናችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ «የውሃ አባት» ነው የሚሉኝ። በመስኖ በሚያርስ አገር የውሃ አባት ማለት ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል፣ ተራውን ያልጠበቀውንም የሚገሥጽ ሰው ነው። ሴት ስለሆንኩ «እናት» ብትሉኝ ምናለበት ብዬ ነበር፤ ሹመቱ ከጥንት በአባት እንደሆነ ነገሩኝና ተቀበልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለኖርኩ መገሠጹ አልከበደኝም።

ብዙ ጊዜ የምንሄደው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። ሙከ ጡሪን አልፈን ለሚ እንደርስና ከአፋፉ ወደ ጀማ ወንዝ እንወርዳለን። ጀማ የዓባይ ገባር ነው፤ ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መንገዱ ያምራል፤ ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን የሚጀምረው ጉልበቱ ሳይነካ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዝለታል፤ ሲደክመው ደግሞ ቁልቁለቱ ይቀበለዋል። ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል። ጠዋት በብርዱ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ እየሳቀ ይወርዳል። ዳገቱ የሚጠብቀው እኩለ ቀን ላይ፣ ደክሞት፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማ ነው።

ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩት ነገር እዚህ በቆዳ ይታወቃል፤ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አፋፉ ላይ 25 ዲግሪ ከሆነ ወንዙ ዳር ከ31 በላይ ነው፤ ያውም በጥላ ሲለካ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ድንጋዩ ራሱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በደጋ ስለምንኖር ሰውነታችን ሙቀት አለመደም። የቆላ ሰው ቀስ ብሎ በሚሄድበት ሰዓት እኛ ፎቶ እየተነሣን እንሮጣለን።

ከ6 ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ወጣት አብሮን ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት፣ እግሩ እንደ ምሰሶ የጸና ልጅ ነው። የያዘው ግን አንዲት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ነበር። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም እንደነበረ የሚያስታውስ እየጠፋ ነው፤ ዛሬ የማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኗልና እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። «ውሃህ ይህ ብቻ ነው?» ስለው «ቲቸር፣ ወደ ታች እኮ ነው የምንሄደው» አለኝ። ወንዙ ዳር ከመድረሱ በፊት ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ከሌሎቻችን ተቀብሎ ጠጣ፣ ተጫወተ፣ ዘፈነም። 7 ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀመርን። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ባቱ ተኮማተረበት፤ ከአንዲት ቀጭን ግራር ሥር ተቀመጠ፤ ዝም አለ። ያስፈራኝ ዝምታው ነበር። ሲያሾፍ የዋለ ሰው በቆላ መሐል ዝም ካለ ነገሩ ከእግር ሕመም አልፏል ማለት ነው። አራት ሰዎች ውሃችንን ከፈልንለት፤ በዚህም አራታችንም ተጠማን። አፋፉ ላይ የወጣነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ በባትሪ ብርሃን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሹመቱ ተሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን የምሠራው ከዳገቱ ተነሥቼ ነው። በእኔ እርምጃ ከለሚ እስከ ወንዙ ሁለት ሰዓት፣ ከወንዙ እስከ አፋፉ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በጠዋቱ ቁልቁለት በሰዓት ግማሽ ሊትር ይበቃኛል፤ ይህ 1 ሊትር ነው። ወንዙ ዳር ስናርፍ ግማሽ ሊትር። በዳገቱ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ይጠጣል፤ 3 ሊትር ልበለው። ግማሽ ሊትር ደግሞ የማይነካ መጠባበቂያ አለ፤ ይህ ምናልባት ለእኔ ላይሆን ይችላል፤ ለሚወድቀው ሰው ነው። ድምሩ 5 ሊትር መጣ። እንግዲህ የቁልቁለቱ ድርሻ ከአምስቱ አንዱ ብቻ እንደሆነ አስተውሉ። በቡድናችን ሕግ ወንዙ ዳር ስንደርስ ጠርሙሶች ይታያሉ፤ ከዚያ በላይ የጠጣ ሰው ካለ ሁላችንም ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ እንጠብቃለን እንጂ አንነሣም። እኔ እንደ ፈተና ወረቀት በተራ አያለሁ።

ይህ የእኔ ሒሳብ ነው፤ የእናንተ ላብ ሌላ ሊሆን ይችላል። በሙቀት የሚሄድ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ያልበዋል። የራሳችሁን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ከጉዞው በፊት ባለ አንድ ሞቃት ቀን ልብሳችሁን አውልቃችሁ ተመዘኑ፤ ለአንድ ሰዓት በፍጥነት ተራመዱ፤ ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። መሐል ላይ ሽንት አትሽኑ። 64 ኪሎ የነበረ ሰው 63 ነጥብ 4 ሆኖ ከተመለሰና በመንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ ከነበረ፣ በዚያ ሰዓት የወጣው ላብ 1 ሊትር ከ100 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው። አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነውና ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደታችሁ ከሁለት ፐርሰንት በላይ ሲቀንስ ጉልበትም ሐሳብም መድከም ይጀምራል፤ ለ64 ኪሎ ሰው ይህ 1 ሊትር ከ300 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም።

5 ሊትር 5 ኪሎ ይከብዳል። ከድንኳንም ከጫማም ቀላል ዓይነት ተሠርቷል፤ ቀላል ውሃ ግን የለም። ታዲያ ለዳገቱ የሚያስፈልገውን ውሃ እስከ ወንዙ ተሸክሞ ወርዶ እንደገና ተሸክሞ መውጣት ለምን ያስፈልጋል? መፍትሔው አደራ ነው። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት የሚኖሩበት ቤት አለ። ስንወርድ እያንዳንዳችን ባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ በቀይ ክር አስረን እርሳቸው ዘንድ እናስቀምጣለን፤ ስንመለስ እንወስዳለን። ከዳገቱ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ጉልበት በሚከዳበት ቦታ ላይ፣ ውሃ ይጠብቀናል ማለት ነው። ለውለታቸው ስኳርና ቡና እንይዛለን። ቤት በሌለበት መንገድ ድንጋይ ሥር መቅበር ይቻላል፤ ነገር ግን በደንብ ይቀበር፣ ጥላም ይሁን። አንድ ጊዜ በቅጠል ብቻ ሸፍኜ የተውኩትን ጠርሙስ ዝንጀሮ ጥርሱን አሳርፎበት አገኘሁት። ጠብታ አልቀረም። ስለዚህ ከአደራው ውሃ ውጪም አፋፉ ድረስ የሚያወጣችሁ ጥቂት ውሃ ሁልጊዜ በጀርባችሁ ይኑር።

አንድ ቀን እኒያ እናት ጠላ ቀድተው አወጡልን። «እንኪ ልጄ፣ ደክሞሻል» አሉኝ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዳገቱ ላይ እንዳይጥለኝ ፈርቼ ነው» ብል ሳቁ። «እንግዲያው አጓት ልስጥሽ» ብለው ቀዝቃዛ አጓት በቅል አመጡልኝ። አጓት ውሃም፣ ጨውም፣ ጥቂት ስኳርም ያለው ነገር ነው፤ ለመንገደኛ ከዚያ የተሻለ መጠጥ ሱቅ ውስጥ አላየሁም። ጠላ፣ አረቄና ቢራ ግን ለአፋፉ ይቆዩ፤ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮም አይቀመሱ። ቡናን አልከለክልም። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት አንድ ሁለት ስኒ ቢጠጣ አያደርቀውም፤ ቢቀርበት ግን ራሱን ያመዋል፤ ያ ራስ ምታት ደግሞ ከሙቀት ሕመም ጋር ይምታታብኛል። ጫት ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ጫት የልብ ምትንና የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፤ ከእኛ ጋር አይወርድም።

መጠጣቱ የሚጀመረው ከዋዜማው ነው። ማታ እራታችሁን በደንብ፣ ጨው ሳታሳንሱ ብሉ። ጠዋት ከመነሣታችሁ ከሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ ብላችሁ ጠጡ፤ የተረፈው በሽንት ወጥቶ መንገድ ትጀምራላችሁ። እኛ ከአፋፉ የምንነሣው 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው ለሚ አድሮ ካልሆነ አያምርም። 2 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር እንሆናለን። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ፤ ቶሎ ተነሥቶ እስከ 5 ሰዓት ተኩል አፋፉ ላይ መውጣት፣ ወይም እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ተኝቶ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ መጀመር። በመሐል ያለው ሰዓት የፍየል ነው።

በመንገድ ላይ በየ20 ደቂቃው ሦስት አራት ጉንጭ ጠጡ። ጥማትን አትናቁት፤ ሲጠማችሁ ጠጡ። ነገር ግን በወሬ የተያዘ ወይም ዳገት የሚያስለከልከው ሰው ጥማቱን አይሰማም፤ ለዚህ ነው ስልኬ በየ20 ደቂቃው የሚጮኸው። አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጥ ሰው ሆዱ እየተንቦጨቦጨ ይሄዳል እንጂ ውሃው ቶሎ ወደ ደሙ አይገባም። በሰዓት ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ግን በምንም ምክንያት አትጠጡ፤ ለምን እንደሆነ በራሴ ላይ ከደረሰው እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሴቶች ልናገር፤ በወንዶች በተጻፉ ምክሮች ውስጥ አይቼው አላውቅም። ሴቶች ውሃ የማይጠጡት ስለማይጠማቸው ወይም ስለረሱ አይደለም፤ ሽንት እንዳይመጣባቸው ነው። መጸዳጃ በሌለበት መንገድ፣ ወንዶች በበዙበት ቡድን ውስጥ፣ «ቆዩኝ» ማለት ያሳፍራል። በረጅም የአውቶቡስ ጉዞም እንዲሁ ነው፤ እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስንት ዓመት በዚህ ተሠቃይቻለሁ። አሁን በቡድናችን በየሰዓቱ ወንዶች ቀድመው መቶ እርምጃ ይሄዳሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይለምንም። እኔና አንዲት ሴት ነጠላ ዘርግተን እንይዛለን። ይህ ሥርዓት ከተጀመረ ወዲህ የሴቶቹ ጠርሙስ መጉደል ጀመረ። ቡድን የምትመሩ ወንዶች ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሹመቱ ከተሰጠኝ በሁለተኛው ዓመት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ፣ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ ሄድን። አርአያ ልሁን ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ስጠጣ ዋልኩ፤ አልጠማኝም ነበር፤ ግን ጠጣሁ። ምግብ በሙቀት አልገባልኝ ብሎ ሁለት ብርቱካን ብቻ ቀመስኩ። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ራሴን ወጋኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ የጋብቻ ቀለበቴ ጣቴን አነቀው። አብረውኝ የነበሩት «ውሃ አነሳት» ብለው ጨመሩልኝ፤ ባሰብኝ፤ አስመለሰኝ። በአካባቢው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የተቀበለችኝ ወጣት ነርስ «እትዬ፣ ምን ያህል ጠጡ? ምን በሉ? ሽንትዎ ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ። 6 ሊትር ያህል፣ ብርቱካን፣ እንደ ውሃ ንጹሕ። ውሃውን ከእጄ ቀማችኝ። ጨው የበዛበት ሾርባ አስመጥታ በማንኪያ አጠጣችኝ፤ ሽንቴ ወጥቶ እስኪቀለኝ ድረስ ሌላ ጠብታ ከለከለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሲደርቅ በሸሚዝ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ጨው ነው። ጨው እየወጣ ሳለ የሚገባው ተራ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ያውም ከላቡ በላይ ከሆነ፣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ሲበረታ አንጎል ያብጣል፤ ሰው ይዘባርቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታልም። ክፋቱ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከውሃ ማጣት ጋር አንድ መምሰላቸው ነው። መለያው ታሪኩ ነው፤ ብዙ የጠጣ፣ የማይጠማው፣ ሽንቱ ነጭና ብዙ የነበረ፣ ጣቱና ፊቱ ያበጠ ሰው ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ውሃና ጨው አብረው ይሂዱ። ለዚህ አያቶቻችን በሶ ሰጥተውናል። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት ሲጠጣ ውሃ፣ ጨውና ኃይል በአንድ ኩባያ ነው። ዘመናዊ ነን የሚሉት ልጆች በውድ ዋጋ ከሚገዙት ባለቀለም መጠጥ ይልቅ አንድ ኩባያ በሶ ዳገቱን ያወጣኛል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው ሁሉ ደህና ናቸው። ከፋርማሲ የሚገዛው ኦ አር ኤስ ሁለት ከረጢት ሁልጊዜ በቦርሳዬ ኪስ አለ፤ ለማስመለስና ለተቅማጥም ይሆናል። በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡት፤ ለ1 ሊትር የተባለውን በግማሽ ሊትር በጥብጦ «ጠንከር ይበል» ማለት ጉዳት ነው። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አፉ የተላገ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስትቀምሱት ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ተበላሽቷል፣ እንደገና ሥሩት። እኔ ከምይዛቸው ሦስት ጠርሙሶች አንዱ ሁልጊዜ እንዲህ የተበጠበጠ ነው፤ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። የደም ግፊት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ግን ይህን የጨው ምክር ከመከተላችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ባለቤቴ የግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ከእኔ ጋር እንጦጦን ይወጣል እንጂ ጀማን አይወርድም።

ውሃው እንዲቀዘቅዝ ማታ አንዱን ጠርሙስ ግማሽ ሞልታችሁ በረዶ አድርጉትና ጠዋት ሙሉት። ሌላውን በእርጥብ ካልሲ ወይም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከቦርሳው ውጪ አንጠልጥሉት፤ እንስራ የሚያልበው፣ ውሃውም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጃንጥላም ያዙ። ልጆቹ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ወደ 6 ሰዓት ሲሆን ግን አጠገቤ መሄድ የሚፈልገው ሰው ይበዛል።

በጾም ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በዓመቱ ሞቃት ወራት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ አባላት አሉን፤ በረመዳን ደግሞ እስከ ማታ የሚጾሙ። የማንንም ጾም አላስፈታም፤ ሥልጣኑም የለኝም። ነገር ግን በባዶ ሆድና በደረቅ ጉሮሮ ጀማን መውረድ አልፈቅድም። በእነዚያ ሳምንታት የቡድኑ ጉዞ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ይዞራል፤ ደጋ ነው፣ ጥላ ነው፣ አጭር ነው። በመጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ዝቋላን በእግር ለምትወጡ ግን ይህን እላለሁ፦ ሽቅቡን ለሌሊቱና ለማለዳው አድርጉት፤ የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና ያረጀ ሰው ካለ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያነጋግር።

የወንዙን ውሃ በተመለከተ፣ ለሰውነት እንጂ ለሆድ አይደለም። ራሳችሁን፣ ነጠላችሁን፣ ባርኔጣችሁን ንከሩበት፤ የመጠጡን ውሃ በአናታችሁ ላይ አታባክኑ። ቢልሃርዝያ በሚኖርበት የቆላ ወንዝ ግን ገብቶ መዋኘት ሌላ መዘዝ አለው፤ በጆግ ቀድታችሁም ቢሆን በአጭሩ ጨርሱ። ግድ ሆኖ መጠጣት ካለባችሁ መጀመሪያ በተደራረበ ነጠላ አጥሉት። ይህ ጀርምን አይገድልም፤ አልቅትን ግን ያስቀራል። በልጅነቴ ከምንጭ በአፉ ጎንበስ ብሎ የጠጣ የጎረቤታችን ልጅ ጉሮሮው ላይ አልቅት ተጣብቆበት ደም ሲተፋ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከወንዝ በአፌ አልጠጣም። ከዚያ አፍሉት፤ በደንብ ተንተክትኮ ለአንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ በደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነውና። ወይም የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በላዩ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። አዋሽ ፓርክ ያለው ፍልውሃ ደግሞ ሙቅ ስለሆነ የፈላ ውሃ ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው ስለገጠመኝ ነው የምጽፈው፤ አይደለም።

ሽንታችሁን ተመልከቱ። እኔ ለቡድኑ የማስተምረው በመጠጥ ነው፤ ሎሚ ጠብ ያለበት ውሃ ከመሰለ ደህና ናችሁ፤ ጠጅ ከመሰለ ጠጡ፤ ጠላ ከመሰለ ጉዞው አብቅቷል፣ ወደ ሐኪም ነው። ቀይ ሥር የበላ ሰው ቀላ ቢልበት አይደንግጥ፤ ቫይታሚን የሚውጥም ደማቅ ቢጫ ያያል። ከስድስት ሰዓት በላይ ሽንት ያልመጣበት ሰው ግን ቀለሙን ሳይጠብቅ ይናገር።

ሰው ሲያዞረው፣ ጡንቻው ሲኮማተርበት፣ ሲያቅለሸልሸው፣ በሙቀት መሐል ቆዳው ሽፍ ሲል ቁሙ። ጥላ ፈልጉ፤ ጥላ ከሌለ ጃንጥላና ነጠላ ጥላ ይሆናሉ። አስተኙት፣ እግሩን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርጉ፣ ጫማውንና ቀበቶውን ፍቱ፣ ኦ አር ኤሱን ጉንጭ በጉንጭ ስጡት፣ አራግቡለት። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ሐኪም ነው፤ ከተሻለው በኋላም ቢሆን በዚያ ቀን ሸክም አይያዝ፤ ዳገቱም እስኪበርድ ይቆይ።

ሲዘባርቅ፣ ሲንገዳገድ፣ ስሙን ሲጠየቅ ሌላ ሲመልስ፣ ወይም ራሱን ሲስት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ አንጎሉን መትቶታል። አልቦት ይሁን ደርቆ አትመራመሩ፤ እያላበ የሚወድቅም አለ። ልብሱን አውልቁ፤ ወንዝ ቅርብ ከሆነ የወንዙን፣ ካልሆነ ያላችሁን ውሃ ሁሉ በአንገቱ፣ በብብቱ፣ በብሽሽቱ፣ በመላ አካሉ አፍስሱ፤ ሳታቋርጡ አራግቡ። ውሃ በአፉ አታፍስሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ማቀዝቀዙ ይቅደም፣ ማጓጓዙ ይከተል። በሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ሁለት ፈጣን ሰዎች ከነውሃቸው ወደ አፋፉ ይላካሉ፤ አንድ ሰው ብቻ አይላክም። ከመውረዳችን በፊት ለሚ ላይ ለአንድ ሰው የምንመለስበትን ሰዓት ነግረን የምንሄደውም ለዚህ ቀን ነው። ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታም ያን ጊዜውኑ ጠይቁ።

አፋፉ ላይ ስትደርሱ «ተረፍኩ» ብላችሁ ቢራ ላይ አትውደቁ። እስከ መኝታችሁ ድረስ ከጨዋማ እራት ጋር እየተጎነጫችሁ የወጣውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ተኩት፤ በማግሥቱ ጠዋት ያለው ሽንት የጉዞውን ውጤት ይነግራችኋል።

ባዶ ሃይላንዶቹን ሸለቆ ውስጥ አትጣሉ። መንገድ ላይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚከተሉ ልጆች አሉ፤ አደራ ጠባቂዋ እናትም ይፈልጓቸዋል። ባለፈው የካቲት ቀይ ክር ያለበትን ጠርሙሴን ስጠይቃቸው ሦስት አወጡልኝ። አንደኛው የዕለቱ ውሃዬ ነበር። በሁለተኛው ዘይት፣ በሦስተኛው ማር ነበረበት። ክሩ ከሁለቱም ላይ አልተፈታም።